ልጆቹ ለውድድር ሲጓዙ ውሻውና ድመቷ የት ይቆዩ?

የውድድሩ መርሐ ግብር ሲደርሰን እኛ ወላጆች የምንጠያየቀው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ማን በማን መኪና ይሄዳል? ስንት ሌሊት ይታደራል? ቅያሪ ማሊያው ማን ዘንድ ነው? ቤት ስለሚቀሩት እንስሳት የሚታሰበው ግን ብዙውን ጊዜ በመነሻው ዋዜማ፣ ሻንጣው ሁሉ ከተዘጋ በኋላ ነው። በዚያ ሰዓት ምርጫ የሚባል ነገር የለም፤ ስልኩን ያነሳው ሰው ይለመናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው።

እኛ ቤት አንድ ውሻና አንዲት ድመት አሉ። ልጄ 11 ዓመቷ ነው፤ እግር ኳስ ትጫወታለች። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ይዋኛል። ስለዚህ ከቤት ውጭ የምናድርባቸው ቅዳሜና እሑዶች ብዙ ናቸው። ባለፉት ዓመታት እንስሳቱን ይዘን ሄደናል፤ ጎረቤት እየመጣ እንዲያያቸው አድርገናል፤ ቤታችን የሚያድር ሰው አስቀምጠናል፤ እንስሳትን ተቀብሎ የሚያሳድር ማቆያም አስገብተናል። ከዚህ ሁሉ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ምርጫው ከእኛ ናፍቆት ሳይሆን ከእንስሳው ጠባይ መጀመር እንዳለበት ነው። ውሻ የሚከተለው ሰውን ነው፤ ድመት ግን የምትይዘው ቤቷን ነው። ሁለቱን በአንድ ውሳኔ ለማስተናገድ የሚሞክር ቤተሰብ ብዙውን ጊዜ አንዱን ይበድላል።

ድመት ቤቷ ትቆይ

ድመት ጉንጯን በወንበር እግርና በበር ጠርዝ ላይ ስታሽ የምናየው የራሷን ጠረን እየተወች ነው። ቤቱ የእሷ መሆኑን የምታውቀው በዚያ ጠረን ነው። ወደ ሌላ ቤት ስትወሰድ ያ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጠፋባታል። በመጀመሪያው ዓመት ይህን ሳናውቅ ድመታችንን ለሦስት ሌሊት ዘመድ ቤት አስቀመጥናት። ከማጓጓዣ ሳጥኗ እንደወጣች ግድግዳውን ተጠግታ፣ ሆዷ መሬት እስኪነካ ዝቅ ብላ ሮጠችና አልጋ ሥር ገባች። ስንመለስ እዚያው ነበረች። ሳህኑ ላይ ያለው ምግብ ደርቆ ዳር ዳሩ ጠቁሯል፤ ውኃውም እንደተቀዳ ነው። ዘመዳችን ምንም አላጠፋችም፤ በየሰዓቱ ጎንበስ እያለች ስትጠራት ሰንብታለች።

ይህ የጠባይ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላሳሰበኝ ነበር። ነገር ግን ድመት፣ በተለይ ወፍራም ድመት፣ ለተከታታይ ቀናት ሳትበላ ስትቀር ሰውነቷ የራሱን ስብ ወደ ጉበት ያጎርፋል፤ ጉበቱም ሥራውን መሥራት ያቅተዋል። ሕክምናው ረጅምና አድካሚ ነው፤ ሳይታከም ከቀረም ይገድላል። ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ ያልቀመሰች ድመት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባት የሚባለው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጉዞው ከአንድ ሳምንት የማይበልጥ ከሆነ የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው። ድመቷ ቤቷ ትቆይ፤ ሰው ወደ እሷ ይምጣ። በቀን አንድ ጊዜ ቢያንስ፣ ሁለት ጊዜ ቢሆን ደግሞ መልካም ነው። በሰዓቱ ምግብ የሚያፈስ መሣሪያ ገዝተው ሁለት ቀን ያለ ሰው የሚተዉ ቤተሰቦችን አውቃለሁ። መሣሪያው ሳህኑን ይሞላል፤ ድመቷ መብላት አለመብላቷን ግን አያይም። ወንድ ድመት ካለዎት ይህ ይበልጥ ያሳስብ። የሽንት ቧንቧው ጠባብ በመሆኑ በቀላሉ ይደፈናል። መጸዳጃ ሳጥኑ ውስጥ እየተመላለሰ የሚያምጥ፣ ሽንት ግን ጠብ የማይልለት ድመት ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ላይቆይ ይችላል። ይህን የሚያስተውለው አሸዋውን የሚያጸዳ ሰው ነው። ስለዚህ ለሚመጣው ሰው "ምግብ አድርግላት" ብቻ ብለው አይሂዱ፤ አሸዋው ውስጥ ስንት የረጠበ ጓል እንዳገኘ በየቀኑ እንዲነግርዎት ይጠይቁ።

ለውሻው ሦስት መንገድ

ውሻ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። እንደ ድመት በቀን አንድ ጊዜ ታይቶ የሚታለፍ እንስሳ አይደለም። ጤነኛ ጎልማሳ ውሻ እንኳ ሳይወጣ ሊቆይ የሚገባው ለጥቂት ሰዓታት ነው። ለብቻው ሲቀር የሚያለቅስና በር የሚቧጭር ከሆነ ደግሞ ያንንም አይችልም። ስለዚህ ያለው ምርጫ ሦስት ነው፤ ይዞ መሄድ፣ ቤት የሚያድርለት ሰው ማግኘት ወይም ማቆያ ማስገባት።

ይዞ መሄድ ልብን ደስ ያሰኛል። ልጆቹም የሚለምኑት ይህንኑ ነው። ነገር ግን የውድድር ቀን ምን እንደሚመስል ቁጭ ብለን እናስብ። ከማለዳ እስከ ማምሻ ሜዳ ዳር ነን። ፊሽካ፣ ጩኸት፣ በየአቅጣጫው የሚንከባለል ኳስ፣ ሳይጠይቁ እየሮጡ መጥተው አንገቱ ላይ የሚጠመጠሙ የማናውቃቸው ሕፃናት አሉ። ብዙ ሜዳዎች ውሻ ጨርሶ አያስገቡም፤ የሚያስገቡትም ከአጥሩ ወዲያ ነው የሚሉት።

አንድ ጊዜ ይዘነው ሄደን ልጄ በውድድር ዓመቱ የመጀመሪያዋን ግብ አስቆጠረች። እኔ በዚያች ደቂቃ ከአጥሩ ኋላ ሆኜ ለውሻው ውኃ እያጠጣሁ ነበር። ጭብጨባውን ሰምቼ ቀና ስል ልጄ ቆማ የወላጆቹን ጎን በዓይኗ ስትፈልግ አየኋት። ስታገኘኝ እጇን አነሳችልኝ፤ ግቧን ግን አላየሁላትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ውሻ ይሂድ አይሂድ ሲባል መጀመሪያ የምጠይቀው ገመዱን ማን እንደሚይዝ ነው። ልጁን ከማየት ሌላ ሥራ የሌለው አንድ አዋቂ፣ ውሻውን ከመያዝ ሌላ ሥራ የሌለው ሌላ አዋቂ ከሌለ ውሻው ቢቀር ይሻላል።

"መኪና ውስጥ ይቆየን" የሚለው መፍትሔ ፈጽሞ መፍትሔ አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአማካይ 22 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል እንደሚጨምር ለክተዋል። ከዚህ ጭማሪ 80 በመቶው የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ 30 ደቂቃዎች ነው። መስኮቱን ገርበብ አድርጎ መተውም እምብዛም ለውጥ አላመጣም። ለእኛ ለስለስ ያለ ቀን ለውሻው ምድጃ ይሆናል ማለት ነው። ውሻ ላብ የሚያወጣው በመዳፉ ብቻ ነው፤ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ሲሆን የሚተነፍሰው አየር ራሱ ሲግል ማለክለኩም አይረዳውም። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ፐግና ቡልዶግ ያሉት ደግሞ ከሌሎቹ ቀድመው ይወድቃሉ።

ሜዳውም ቢሆን ይታሰብበት። ሰው ሠራሽ ሣር በፀሐይ ሰዓት ከተፈጥሮው ሣር እጅግ ይበልጥ ይግላል፤ አስፋልትም እንዲሁ። የእጅዎን ጀርባ መሬቱ ላይ ያሳርፉ። 7 ሰከንድ መታገሥ ካልቻሉ የውሻውም መዳፍ አይችልም።

ይህን ሁሉ ስል ይዞ መሄድን አልቃወምም። ውድድሩ አልቆ ቤተሰቡ እዚያው ሳምንት የሚቆይ ከሆነ፣ ማረፊያው ውሻ የሚቀበል ከሆነ፣ ውሻውም ጩኸት የማያስደነግጠው ጎልማሳ ከሆነ ከቤተሰቡ ጋር መሆኑን የሚያህል ነገር የለም። መኪና ውስጥ ግን በማጓጓዣ ሳጥን ወይም ከመቀመጫ ቀበቶ ጋር በሚያያዝ የደረት ማሰሪያ ይታሰር። ልቅ የሆነ ውሻ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ተወርውሮ ራሱንም ልጆቹንም ይጎዳል። ከመነሳቱ በፊት ባሉት ሦስት አራት ሰዓታት ምግብ አይሰጠው፤ ቡችላ መኪና ውስጥ ማስታወኩ የተለመደ ነው፣ ብዙዎቹም ሲያድጉ ይተዉታል። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ቆም ብሎ ማንሸራሸርና ውኃ ማጠጣት ያስፈልጋል።

የልጁ የስፖርት ቦርሳስ የት ነው የሚቀመጠው? ጥያቄው ተራ ይመስላል። አንድ ጊዜ የኋላ ወንበር ላይ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ሰምቼ ስዞር ውሻው አፍንጫውን የልጄ ቦርሳ የጎን ኪስ ውስጥ ከቶ የማስቲካ እሽግ በጥርሱ እየጎተተ ነበር። ስኳር የሌለው ማስቲካ ውስጥ የሚጨመረው ዛይሊቶል የተባለው ማጣፈጫ ለሰው ችግር የለውም፤ የውሻን የደም ስኳር ግን በደቂቃዎች ውስጥ አውርዶ ይጥላል፣ ጉበትም ይጎዳል። ለጉልበት ተብሎ የተያዘው ቸኮሌትና ዘቢብም ለውሻ መርዝ ናቸው። ለወለምታ የተያዘው ኢቡፕሮፌን ጨጓራውንና ኩላሊቱን ይጎዳል። ፓራሲታሞል ደግሞ ድመትን በአንድ ፍሬ ሊገድል ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦርሳው የሚጓዘው ከኋላ ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ ነው።

ቤት የሚያድር ሰው ወይስ ማቆያ?

ሁለቱንም ሞክሬ፣ የሚታመን ሰው ከተገኘ እኔ ለቤት አዳሪው አደላለሁ። ውሻው ምንጣፉን፣ ግቢውንና የእግር መንገዱን አያጣም። ድመቷም በዚያው ትታያለች። የአንድ ሰው መምጣት ሁለቱን ጥያቄ በአንድ ጊዜ ይመልሳል። ላረጀ ውሻ፣ በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ለሚወጋ፣ ዓይኑ ለደከመና ቤቱን በልምድ ለሚያውቅ ውሻ ከዚህ የተሻለ የለም።

የሚታመን ሰው ማለት ግን እንስሳ የሚወድ ሰው ማለት ብቻ አይደለም። የእርስዎ ውሻ ደኅና ሲሆን ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ ይምጣ፤ ገመዱን ራሱ ይሰር፣ አብሯችሁ ይውጣ፣ ምግቡን ራሱ ይስፈር። በር አከፋፈት ላይ በተለይ አደራ ይበሉት። እንስሳት የሚጠፉት ባለቤቱ በሌለበት፣ በሩን ያልለመደ ሰው እጁ በዕቃ ተሞልቶ ሲገባ ነው። ከቆዳ ሥር የሚገባው መለያ ቺፕ ቢኖረውም የተመዘገበው ስልክ የድሮው ከሆነ ጥቅም የለውም፤ ዛሬውኑ ያረጋግጡ።

ለአዳሪው የምንተወው ወረቀት በመጀመሪያ አራት ገጽ ነበር፤ ማንም አላነበበውም። አሁን አንድ ገጽ ነው። የምግቡ መጠን፣ መድኃኒቱ ከነሰዓቱ፣ የሐኪሙ ስልክ፣ ከእኛ ጋር መገናኘት ካልተቻለ የሚወስን ሰው ስም፣ እና "እኔ ሳልደርስ መታከም ካለበት ይታከም" የሚል የተፈረመ ቃል አለበት። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፤ ሐኪሙም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ እጁን ይሰበስባል።

ማቆያ የሚሻለው መቼ ነው? ውሻው ወጣት፣ ጉልበተኛና ከሌሎች ውሾች ጋር መጫወት የሚወድ ሲሆን። ቤት የሚያድር ሰው ሳይገኝ ወይም የተገኘው ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውል ሲሆንም እንዲሁ፤ ማታ ብቻ የሚመጣ አዳሪ ለእንዲህ ያለ ውሻ አይበቃም። ጥሩ ማቆያን የምለየው በሚጠይቀኝ ነገር ነው። የክትባት ደብተር ሳያይ "አምጡት" የሚለኝ ቦታ የሌሎቹንም ደብተር አላየም ማለት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ እንዲሁም ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉት ገዳይ ተላላፊ በሽታዎች ክትባት መጠየቅ አለበት። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ማቆያ መግባት የለበትም።

ከዚያ የውሾች ሳል አለ። ብዙ ጊዜ ቦርዴቴላ በተባለ ባክቴሪያና በልዩ ልዩ ቫይረሶች የሚመጣ ሲሆን ውሾች በብዛት በሚያድሩበት ቦታ በአየር ይዛመታል። ክትባት አለው፤ ሙሉ በሙሉ ባይከላከልም ያቀልለዋል። ነገር ግን የመከላከል አቅሙ የሚገነባው በቀናት ውስጥ ስለሆነ በመግቢያው ዕለት መከተብ የዘገየ ነው። ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ሐኪሙን ያነጋግሩ።

ቦታውንም ሄደው ይዩት። በቀጠሮ ካልሆነ ውስጡን የማያሳይ ማቆያ የጽዳት ሰዓቱን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ድንገት ገብቼ ማየት እችላለሁ ወይ ብለው ይጠይቁ። ሌሊት ሰው አለ ወይ? ትልልቆቹና ትንንሾቹ ተለይተው ነው ወይ የሚጫወቱት? ሲታመም የሚወሰደው ወዴት ነው? እኔ በጣም የምመክረው ግን አንድ የሙከራ ሌሊት ነው። ረጅም ጉዞ ሳይመጣ፣ እርስዎ ከተማው ውስጥ እያሉ አንድ ሌሊት ያድር። ጠዋት ሲወስዱት ጭራውን እየቆላ ከሠራተኛዋ ጋር ሲወጣና እየተንቀጠቀጠ ሲወጣ ያለውን ልዩነት ለማየት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ውሻችን ያደረበት የመጀመሪያው ቦታ እንዲህ ባለ ሌሊት ነው የቀረው፤ ድምፁ እስኪዘጋ ሲጮኽ ማደሩን ማንም ሳይነግረን ስናወጣው ሰማነው።

ለሌሎቹ እንስሳት ባጭሩ

ጥንቸል ያለማቋረጥ መብላት አለበት። ለግማሽ ቀን ያህል ካልበላ አንጀቱ ሥራ ያቆማል፣ ይህም አስቸኳይ ነው፤ ስለዚህ በቀን ሁለት ጊዜ የሚያየው ሰው ያስፈልገዋል። ጥንድ ከሆኑ አይለያዩ። ጤነኛ ዓሣ ጥቂት ቀናት ሳይበላ ቢቆይ አይሞትም፤ የሚገድለው ጎረቤት አዝኖለት የሚደፋበት ምግብ ነው። የየቀኑን ልክ በትንንሽ ወረቀት ጠቅልለው ይተዉና ቆርቆሮውን ይደብቁ። ወፍ ካለዎት ለአዳሪው ስለ መጥበሻው ይንገሩት፤ ምግብ የማይዘው መጥበሻ ያለልክ ሲግል የሚወጣው ጢስ ወፍን በደቂቃዎች ይገድላል።

አውሮፕላንና ድንበር

ለቅዳሜና እሑድ ውድድር ሲባል እንስሳን አውሮፕላን ላይ መጫን አልደግፍም። ለረጅም ቆይታ ከሆነ ግን ዝግጅቱ ወራት ይወስዳል። ለምሳሌ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ለመግባት መጀመሪያ ቺፑ፣ ከዚያ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት፣ ከመጀመሪያው ክትባት በኋላም 21 ቀን መጠበቅ ግድ ነው። ኅብረቱ ከዘረዘራቸው አገሮች ውጭ የሚመጣ ከሆነ ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ደም ይወሰዳል፤ ደሙ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር ይጠበቃል። ብዙ አየር መንገዶች አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ውሾችን በዕቃ ክፍል አይቀበሉም። ማደንዘዣ ሰጥቶ ማሳፈርንም ሐኪሞች አይመክሩም፤ የደነዘዘ እንስሳ በከፍታ ላይ ትንፋሹንና የሰውነቱን ሙቀት መቆጣጠር ይቸግረዋል።

ልጆቹን እንዴት እናሳትፍ?

ልጄ "ውሻው ካልሄደ እኔም አልሄድም" ያለችበት ጊዜ ነበር። ውሳኔውን በልጅ ትከሻ ላይ መጣል ልክ አይመስለኝም፤ እንስሳው አንድ ነገር ቢሆን ሸክሙን የምትሸከመው እሷ ናት። ሥራ ግን እሰጣታለሁ። የማቆያ ቦርሳውን የምታዘጋጀው ራሷ ናት፤ የለመደውን ምግብ በቀን በቀን ከፍላ ታስራለች፣ ምክንያቱም ምግብ በድንገት ሲለወጥ ሆዱን ያስቀምጠዋል። በመጨረሻም የለበሰችውን ያልታጠበ የልምምድ ማሊያ ከላይ ታኖርለታለች። የቡድን ጓደኛዋን ለአዳሪነት ብትጠቁምም አልተቀበልኩም። የ12 ዓመት ልጅ ከአዋቂ ጋር ሆኖ ማገዝ ይችላል፤ ሌሊት ለታመመ ውሻ ብቻውን መወሰን ግን አይችልም።

ሲመለሱ

ከማቆያ የወጣ ውሻ ብዙ ይጠጣል፣ ቀኑን ሙሉም ይተኛል። ምግቡን በትንሽ በትንሹ ይስጡት። ድመቷ ጀርባዋን ብትሰጥዎት አይጫኗት፤ ሻንጣውን አሽትታ ስትጨርስ ትመጣለች። ውሻው ከማቆያ በወጣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ የሚመስል ደረቅ ሳል ካሳለ ወደ ሌሎች ውሾች አያቅርቡት። ሐኪሙ ዘንድ ከመሄድዎ በፊትም ይደውሉና የት እንደሚጠብቁ ይጠይቁ፤ በመጠበቂያው ክፍል ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ይኖር ይሆናል። ቀጥሎ ለማቆያው ይደውሉ፤ ከእርስዎ ውሻ ጎን ያደሩት ባለቤቶች ይህን ማወቅ አለባቸው።